ማንም ሊያጠፋው ያልደፈረው የንብ መጽሐፍ

ባለባጃጁ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «አውጪልኝ» አለኝ።

«ምኑን?»

«መጽሐፉን ነዋ! ስልኩን ልሸጠው ነው፤ ገዢው ውጭ ቆሟል።»

«ታዲያ ራስህ አታጠፋውም? ተጭነህ ያዘው፣ አጥፋ በለው፣ አለቀ።»

«አንቺ አጥፊው! እኔ የልጆች አባት ነኝ።»

ሳቄን ለቀቅኩት። እሱ ግን አልሳቀም። መጽሐፉን ከፈተና የመጨረሻውን ገጽ አፍንጫዬ ሥር ደቀነልኝ። «ይህን መጽሐፍ የሰረቀው፣ የሸጠው፣ የፋቀው፣ ያጠፋው በሐዋርያት ሥልጣን ውጉዝ ይሁን» ይላል። እኔው በእነዚህ ጣቶቼ የተየብኩት ነው። ስልኩን ከነመጽሐፉ ቢሸጥ «የሸጠው» ይነካዋል። አጥፍቶ ቢሸጥ ደግሞ «ያጠፋው» ይጠብቀዋል። ሰውዬው በገዛ ስልኩ ታስሮ ቀርቷል።

«እንግዲያው ለገዢው ዝም ብለህ ስጠው፤ መስጠት አልተከለከለም» አልኩት።

«ስልኬን?! አንቺ ደግሞ ከግዝቱ ትብሺያለሽ!» ብሎ እየተነጫነጨ ወጣ። ገዢው ትንሽ ጠበቀና ሄደ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ልናገር። ቲቸር ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያለችውን የቤታቸውን የፊት ክፍል ወደ መንገድ ከፈቷትና ቤተ መጻሕፍት አሏት። መደርደሪያ የላትም። ያላት ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ግድግዳ ላይ የተሰቀለች የሳሙና ያህል ጥቁር ሳጥን ነው። የሳጥኗ ሆድ መጽሐፍ ብቻ ነው። ስልኩን ከፍቶ አጠገቧ የቆመ ሰው ዋይፋዩን ሲፈልግ «ነፃ መጽሐፍ» የሚል ያገኛል፤ ይገባል፣ የፈለገውን ወደ ስልኩ ይጭናል፣ ይሄዳል። ኔት አትፈልግም። ቲቸር ይህን ያሰቡት ኔት ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ ነበር። ሰው ሁሉ ኔት መቼ ይመጣል እያለ ሲያማርር እሳቸው ሳጥን ይገጣጥሙ ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን የነበረው ጉድ አይወራም። ጎረምሶች እየተጋፉ ይገቡና «ፓስወርዱ ስንት ነው?» ይላሉ።

«የለውም።»

ስልካቸውን ይነካካሉ። «ኔት የለም ይላል እኮ!»

«የለም። መጽሐፍ ነው ያለው።»

«ብቻ?»

«ብቻ።»

እንዲህ ስላቸው ያታለልኳቸው ያህል ገላምጠውኝ ይወጣሉ። ትልልቆቹ ደግሞ በነፃ መሆኑን አያምኑም። «ዛሬ በነፃ፣ ነገ ደረሰኝ» ያለችን ሴት ነበረች።

እኔ እዚያ ቤት የገባሁት አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ከቀረ በኋላ ነው። ካፌ ሠርቼ ከአለቃው ተጣልቼ ወጥቻለሁ። የስልክ ሽፋን ሸጬ ሰልችቶኝ ወጥቻለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ትየባ ለምጄ ከደንበኛ ጋር ተሰዳድቤ ወጥቻለሁ። ቲቸር ይህን ሁሉ ሰምተው መንገድ ላይ አስቆሙኝ፦ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽም ይፈጥናል፣ ጣትሽም ይፈጥናል ይሉኛል። አፍሽን ቤት አስቀምጪና ጣትሽን ይዘሽልኝ ነይ።» ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ።

ሳጥኗ ውስጥ የነበሩት መጻሕፍት ሁሉ ከሩቅ የመጡ ነበሩ። አብዛኞቹ እንግሊዝኛ፣ የቀሩት የትምህርት ቤት። የፈተና ተማሪዎች የሚፈልጉትን ወስደው ዞር ብለው አያዩንም። ቲቸርን የሚበላቸው ይኸው ነበር። «ይህ አገር እኮ የሊቅ አገር ነው!» ይሉ ነበር ጠረጴዛውን እየመቱ። «የዚህ አገር ሰው የጻፈው አንድ እንኳ ሳይኖር እኔ ምኑን ቤተ መጻሕፍት ከፈትኩት?»

ከዲማ ወዲህ ባለች መንደር የሚኖሩ የቅኔ መምህር የሩቅ ዘመዳቸው ናቸው። ቅስናም አላቸው። ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል፤ እኔም እንዲሁ ልበላቸው። የኔታ በጣም የታወቁት በቅኔያቸው ይሁን በቀፏቸው አልገባኝም፤ ብቻ ስለ ንብ በአማርኛ ጽፈው፣ በቆዳ ደጉሰው፣ ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ያስቀመጡት መጽሐፍ ነበራቸው። ላበድር ያሉት ሰው የለም። «መጽሐፍ አበድሮ የተመለሰለት አላየሁም» ባይ ናቸው። ቲቸር ተለማምጠው ተለማምጠው በአንድ ቃል አመጡት፦ አንዲት ፊደል ሳትጎድል እንዲገለበጥ። መስቀል ስመው ቃል ሰጡ።

ስለ ንብ የማውቀው መንደፏን ብቻ ነበር። ግን ምን ልበላችሁ፣ ያን መጽሐፍ ስተይብ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሴት ቁጭ አልኩ። የትኛው አበባ በየትኛው ወር እንደሚፈነዳና ማሩን ምን እንደሚያስመስለው ይነግራል። ጎረቤት ማር ሲሰርቅ በምን እንደሚታወቅ ይነግራል። የተቆጣ ሰው ላቡ ይለወጣል፣ ንብ ደግሞ ያንን ታውቃለች፣ ስለዚህ ከሚስትህ ተጣልተህ ቀፎ እንዳትከፍት ይላል። እዚህ ላይ ጮክ ብዬ ስስቅ የቲቸር ባለቤት ከጓዳ መጥተው አስነበቡኝ፤ ከዚያም ቲቸርን ቀና ብለው አዩአቸው። ቲቸር ንብ የላቸውም፤ ግን አቀረቀሩ።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ቲቸር፣ ይሄን ግዝት እንተወው። ሰው ይፈራል።»

«አንዲት ፊደል ሳትጎድል ብያለሁ።»

«ይሄ ፊደል አይደለም፣ ሙሉ ገጽ ነው።»

«ተይቢ አንቺ!»

ተየብኩ።

መጽሐፉ ሳጥኗ ውስጥ በገባ ሰሞን የሆነው ቲቸርን ወጣት አደረጋቸው። ከገጠር ለገበያ የመጡ ባለቀፎዎች ጎራ ማለት ጀመሩ። ማንበብ የማይችለው ልጁን ይዞ ይመጣል። አንዱ ለአንዱ ከስልክ ወደ ስልክ እያሳለፈ ሳጥኗን አይቷት ለማያውቅ ሁሉ ደረሰ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቀፎ አይቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ስለ ንብ ሲከራከር እሰማ ነበር። ግዝቱን ግን ማንም አላነሳውም፤ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ መጽሐፍ ከወደደ ከፊት ጀምሮ ነው የሚያነበው፣ በእርጋታ። ባለባጃጁ ፈጣን አንባቢ ሆኖ ቀደመ እንጂ ሌሎቹም ተከትለው መጨረሻው ገጽ ደረሱ።

ከእሱ ቀጥላ የመጣችው ከመንገዱ ማዶ ጌሾ የምትሸጠው ሴት ናት። ስልኳ ሞልቷል። «ልጄን ልድር ነው፣ ፎቶ አልይዝ አለኝ። እባካችሁ ንቡን አስወጡልኝ!» አለች። ሌላውን አጥፊ ብላት ሌላው የልጆቿ ፎቶና መዝሙር ነው፤ ከዚያ ውስጥ ምኑን ታጥፋ? ቀጥሎ አንድ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ስልኩ ሽንት ቤት ገብቶበታል። «ሳላስበው ነው የጠፋው። ይቆጠርብኛል?» ይለኛል። እኔ ምን ልመልስ? ቄስ ነኝ? ስልክ ጠጋኙ ደግሞ ብሶበት፣ የተበላሸ ስልክ ሲያመጡለት ብልሽቱን ሳይጠይቅ «ንብ አለበት?» ማለት ጀመረ። አለበት ካሉት አይነካውም።

ይህ ሁሉ እንኳ ያስቅ ነበር። የማያስቀው ወሬው ሲያድግ ነው። «እዚያ ቤት አጠገብ ስልክህን ከፍተህ እንዳታልፍ፣ መጽሐፉ በራሱ ይገባል» ተባለ። በራሱ አይገባም ብዬ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተናገርኩ፤ ማን ሰምቶኝ! ሰው ደጃችን ሲደርስ ስልኩን ያጠፋል፣ አለዚያ ወደ ማዶ ይሻገራል። የፈተና ተማሪዎች ሳይቀሩ ጠፉ፤ እናቶቻቸው ከልክለዋቸዋል። አግዳሚው ወንበር ባዶውን ዋለ። ሳጥኗ ግድግዳ ላይ አረንጓዴ መብራቷን ብልጭ ድርግም ታደርጋለች፤ ቲቸር ከሥሯ ተቀምጠው እጃቸውን አጣምረው መንገዱን ያያሉ። በክፍል ውስጥ ሲቆጡ እንጂ እንዲህ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም።

«ቲቸር» አልኳቸው፣ «ገጹን እናውጣው። አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም።»

«ቃሌስ?»

«ቤቱስ? ይኸው ሊዘጋ ነው እኮ! የኔታ ስልክ እንኳ የላቸውም፣ በምን ያውቃሉ?»

«እሳቸው ባያውቁ እኔ አላውቅም? ሰው እንዲያምነኝ ነው ይህን ቤት የከፈትኩት። መጀመሪያ ያመነኝን ሰው አታልዬ ሁለተኛው መጽሐፉን ይሰጠኛል?»

እውነታቸውን ነው፤ አበሳጨኝ እንጂ። ገጹ ቢወጣ ቃላቸው ይፈርሳል፤ ገጹ ቢቆይ ቤቱ ይፈርሳል። ሁለቱንም ይዞ መቀመጥ አይቻልም፤ እሳቸው ግን ተቀመጡ።

«እንግዲያው ተነሡ፣ ሄደን እንንገራቸው» አልኩ።

«ምን ብዬ? መጽሐፍዎን ሰው ሸሸው ልበላቸው?»

«እርስዎ ካፈሩ እኔ እላቸዋለሁ።»

«እሱንማ አልጠራጠርም» አሉና ጋቢያቸውን አነሡ።

በማግስቱ እስከ ብቸና በመኪና፣ ከዚያ በሌላ መኪና፣ የቀረውን በእግር ሄድን። እኔ ከፊት እሮጣለሁ፣ ቲቸር «ቆይ እንጂ!» እያሉ ይከተሉኛል። ማሳው ሁሉ ኑግ ነበር፣ ቢጫ በቢጫ። ይህን ያየሁት ንቦቹን ስፈልግ ነው፤ ከዚያ በፊት የኑግ ማሳ አይቼ ስለ ዘይት እንጂ ስለ ሌላ አስቤ አላውቅም።

የኔታ ግቢያቸው ውስጥ ቁርበት ላይ ተቀምጠው ነበር። ተማሪዎቹ በየጎጇቸው ይንጎራጎራሉ። የየኔታ ዓይን ደክሟል፤ ቲቸርን በድምፃቸው ነው የለዩአቸው። ከዚያ የጤና ጥያቄ መጣ፣ የዝናብ ጥያቄ መጣ፣ የዘመድ ጥያቄ መጣ። ቲቸር አንዱን ሲጨርሱ ሌላ ይጀምራሉ፤ ዋናውን ነገር በሩቅ እየዞሩት ነው። አልቻልኩም።

«የኔታ፣ ግዝትዎ ሰውን አስጨንቆታል» አልኩ።

ቲቸር በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«ማንን?» አሉ የኔታ።

«ደብረ ማርቆስን።»

ባለባጃጁን ነገርኳቸው። ጌሾ ሻጯን ነገርኳቸው። መጀመሪያ ፊታቸውን አጥቁረው ነበር የሚሰሙኝ። ሽንት ቤት የገባው ስልክ ላይ ስደርስ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ወጣ ስልኩ?»

«ወጥቷል የኔታ። አይሠራም እንጂ።»

«ንቦቼ ታፈኑዋ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ቲቸር ግን ለመሳቅ አልደፈሩም፣ በግማሽ አፋቸው ፈገግ አሉ።

ሳቃቸው ሲበርድ የኔታ እንዲህ አሉ፦ «እኔ ተማሪ ሳለሁ በአገሩ አንድ ብቻ የነበረ መጽሐፍ አውቃለሁ። አንድ ሰው ተዋሰው፣ የባለቤቱን ስም ፋቀ፣ ሸጠው። ሄደ በቃ። ዛሬ ውስጡ ምን እንደነበር የሚነግርህ የለም። እኛ የምንገዝተው ሰው ጠልተን መሰላችሁ? አንድ ስለሆነ ነው። አንዱ ከሄደ ስለሚያልቅ ነው።»

«የእርስዎ ግን አሁን አንድ አይደለም» አልኩ።

«ስንት ነው?»

«እኔ እንጃ። ማንም አያውቀውም።»

ግንባራቸው ተኮሳተረ። «ቆይ። ለባለባጃጁ ስትሰጪው ከአንቺ ወጥቶ አይደለም ወደ እሱ የሄደው?»

«አይወጣም የኔታ። እኔም ጋ አለ፣ እሱም ጋ አለ።»

«ለጌሾ ነጋዴዋ ሲሰጣትስ?»

«ያው ነው። የሁላችንም አይጎድልም።»

«ጧፍ ከጧፍ እንደ መለኮስ በይኛ!» አሉና ወደ ቲቸር ዞሩ፤ «ይህን ለምን አልነገርከኝም? እኔ እኮ አንዱ ለአንዱ እያዋሰው የሚዞር መስሎኝ የት ደረሰ እያልኩ ስጨነቅ ነው የከረምኩት!»

ቲቸር ግንባራቸውን መቱ። ስንት ዓመት ተማሪ ያስተማሩ ሰው ይህን ማስረዳት ረስተውታል። እኔም ብሆን አስቤው አላውቅም።

ስልኬን አውጥቼ መጽሐፋቸውን ከፈትኩላቸው። አላነበቡትም፤ ዓይናቸው አልያዘላቸውም። በጣቶቼ እየዘረጋሁ ፊደሉን አሳደግኩት። አንድ ቃል ብቻ ስክሪኑን ሲሞላ ስልኩን ወደ ብርሃን አዙረው አነበቡ። ቀጣዩን ቃል አመጣሁላቸው፤ አነበቡ። እንዲህ እያልን አንድ ገጽ ጨረስን፤ እኔ እንኳ ሳልቁነጠነጥ። ከዚያ ድንገት ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ይህ እኔ የጻፍኩት ፊደል አይደለም! አንዲት ሳትጎድል አላልኩም?»

«አልጎደለችም የኔታ፣ ሌላዋ ገብታ ነው።»

«ተከራካሪ ናት ይህች!»

«ናት» አሉ ቲቸር፣ ከመጣን ወዲህ ጮክ ብለው የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ነው።

እዚያው አስተካከልኩት። የኔታ ስልኩን ዓይናቸው ሥር ይዘው ቦታውን ደጋግመው አዩት።

«ፋቅሽው?»

«ፋቅኩት።»

«ጠባሳ እንኳ የለውም!» አሉ። ብራና ሲፋቅ ቦታው ይሳሳል፣ ይሻክራል፤ እንዲያ ነው የሚያውቁት። መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው ወደ እኔ ዘረጉ፦ «እግዚአብሔር ይፍታሽ። ያው አንቺም ከፋቂዎቹ አንዷ ሆንሽ።»

መስቀሉን ስሜ ቀና ስል ቲቸር ድፍረት አገኙ መሰለኝ። «የኔታ፣ እንግዲህ ገጹን ላንሣው?»

«አታነሣውም።»

«እሺ» አሉ ቲቸር። ድምፃቸው ሲወርድ እኔ ነኝ የተናደድኩት። አፌን ልከፍት ስል የኔታ እጃቸውን አነሡ።

«ያለው ይቆይ። ከሥሩ ግን ጨምሪ። ጻፊ አንቺ ተከራካሪ።»

ስልኬ ላይ ጻፍኩ። እሳቸው እያዘገሙ ተናገሩ፦ መጽሐፉ የከበደው ሰው፣ ለሌለው አንድ ሰው በነፃ ይስጥና ያጥፋ፤ እርሱ ተፈትቷል። ሳያስበው የጠፋበትም ተፈትቷል። የሸጠው ግን እንደ ታሰረ ይቆይ።

«ስልኩን የሸጠስ?» አልኩ ስለ ባለባጃጁ።

«ስልክ ቢሸጥ እኔ ምን ቸገረኝ? ንቤን አይሽጥ!»

ቲቸር ሲመለሱ ከፊቴ ነበር የሚሄዱት። እኔ ነበርኩ «ቆይ እንጂ!» የምለው።

ጽሑፉን በነጋታው አስገባነው፤ በትልቁም ጽፈን በሩ ላይ ለጠፍነው። ከመንገዱ ማዶ ሆነው አነበቡት፣ ከዚያ ተሻገሩ። ጌሾ ሻጯ ለዘመዷ ሰጥታ እልል ብላ አጠፋችው። ስልክ ጠጋኙ ሥራውን ቀጠለ፤ «ንብ አለበት?» ማለቱን ግን አልተወም፤ አሁን የሚጠይቀው የሌለበትን ሲፈልግ ነው። ደንበኛው ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስጠርጎ ሊያሠራ ሲመጣ መጀመሪያ ንቡን የሚሰጠው ሰው ማግኘት አለበትና።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው የጀመረው፤ ደስ የሚለው ጣጣ። ከተማው ውስጥ መጽሐፉ የሌለው ሰው ጠፋ! ባለባጃጁ በዋጋ ሳይከራከር ተሳፋሪ እያሳፈረ «መጽሐፉ አለዎት?» ይላል፤ «አለኝ» ካሉት ፊቱ ይጠቁራል። በመጨረሻ ከመርጡለ ማርያም ለሕክምና የመጡ አዛውንት አገኘና ሆስፒታል ድረስ በነፃ አድርሶ፣ በልጃቸው ስልክ ላይ ጭኖላቸው፣ ከራሱ ላይ አጥፍቶ፣ ስልኩን በዚያው ሳምንት ሸጠ። አምበር አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ገበያው ላይ አንድ ጎረምሳ በግ ገዢውን ተወት አድርጎ ወደ እኔ ሮጠ።

«እህቴ፣ ስልክሽን አውጪ። ንብ ልስጥሽ።»

«አለኝ።»

«ውሸትሽን ነው። ፊትሽ የሌለው ሰው ፊት ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ነኝ የተየብኩት!»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እሱንም ስንቱ ይለኛል መሰለሽ» ብሎ ሌላ ሰው ፍለጋ ሄደ።

እንዲህ ሆኖ ንቡን ሊያራግፍ የመጣ ሰው ሳጥኗ ሥር ሲቆም ሌላ መጽሐፍ ይዞ ይሄድ ጀመር። ቲቸር ቀኑን ሙሉ ቆመው ያስረዳሉ፣ ጧፍ ከጧፍ እያሉ፤ ከማን እንደሰሙት ግን ሁልጊዜ ይናገራሉ። እኔም ሥራ ለመልቀቅ ያሰብኩበትን ሳምንት አሳለፍኩት፤ ጊዜ አጣሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ኮታቸውን የቆለፉ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ገቡና ጠረጴዛዬ ላይ ወፍራም ጥራዝ አኖሩ። ስለ አካባቢው ምንጮች የጻፉት ነው፤ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደሚደርቅ፣ የትኛው እንደማይደርቅ። ቲቸር ጥራዙን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። የአገሩ ሰው ከጻፈው በቤታቸው ሁለተኛው መጽሐፍ ነው፤ ቃላቸው ያመጣላቸው።

«አንዲት ፊደል አናጎድልም» አሉ።

«እሱ ይሁን» አሉ ሽማግሌው። «ግዝቱስ? ግዝት አስገቡበት እንጂ። ያለ ግዝት የእኔን ማን ያሰራጨዋል?»

«አባባ፣ እኛ ከየት እናምጣው?» አልኩ። «ግዝት የካህን ነው።»

«ነገ ካህን ይዤ እመጣለሁ።»

መጡም። ካህኑ ግን ለምንጭ ግዝት አያስፈልገውም ባይ ሆኑ፤ ሽማግሌው ለንብ ተፈቅዶ ለውኃ እንዴት ይከለከላል አሉ፤ ቲቸር ሊያስማሙ ገብተው ሦስተኛ ተከራካሪ ሆኑ። ከደጅ ሰው ቆሞ ያዳምጣል፣ ግማሹ ካህኑን ይደግፋል። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ፍርዱን አልጠበቅኩም። ጥራዙን ከፍቼ የመጀመሪያውን ገጽ መተየብ ጀመርኩ።